ለኩላሊት ምን ይባላል

ጣሪያ እንኳ የለውም እኮ፣ ትላለች ፀዳለ በሆዷ፣ ድፍን ኦክላንድ ቤተ መንግሥት ልትጎበኝ ሄደች ብሎ ያወራላት ሴትዮ፣ ነጭ ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ በካፊያ ውስጥ ሽቅብ አንጋጥጣ፣ ግድግዳ ብቻ፣ ግድግዳውም ግማሹ የለም፣ በመስኮቱ ቁራ ይገባል በመስኮቱ ቁራ ይወጣል፣ እሷ ምን ታድርግ፣ ልጅቷ እንግሊዝ አገር ካስል ላሳይሽ ስትላት ካስል ማለት ንጉሥ ያለበት፣ ምንጣፍ ያለበት፣ በሩ ላይ ዘበኛው ቀይ ለብሶ የማይስቅበት መስሏታል፣ ይኼ ግን የለየለት ፍርስራሽ ነው፣ አዳራሽ የነበረው ሣር በቅሎበታል፣ ከአጥሩ ወዲያ በጎች ቀና ብለው፣ ይቺ ደግሞ ከየት መጣች ብለው ያዩዋታል። ከካሊፎርኒያ ነዋ። ከሳን ሆዜ። ማስክ አፏ ላይ አድርጋ፣ ሌሊቱን ሙሉ አየር ላይ ተንጠልጥላ፣ ፍርስራሽ ልታይ። ጉድ እኮ ነው። ግን ልጅቷን እዩልኝ፣ ወንጌልን፣ ወንጌላዊትን፣ አንድያ ልጇን፣ ሠላሳን ያለፈች ሴት ከድንጋይ ድንጋይ ትዘላለች፣ ስልኳን ትደቅናለች፣ ማም ሉክ፣ ማም ዩ ሃቭ ቱ ሲ ዚስ፣ ቀስ በይ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ቀስ በይ ልጄ፣ አንድ ኩላሊት ነው ያለሽ።

ሌላዋ እዚህ ናት። እጇ ሳታዝዘው ይሄዳል፣ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ በስተቀኝ፣ ከሹራቧ ሥር፣ ሐኪሞቹ ያስቀመጧት እዚያ ነው፣ በጀርባ በኩል አይደለም፣ ከፊት፣ ኪስ ውስጥ እንደሚከተት ነገር፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ደህና ነኝ፣ የድሮዎቹ ሁለቱም አልወጡም፣ እንደ ጡረተኛ እዚያው ቁጭ ብለዋል፣ ስለዚህ እናት ባለሦስት፣ ልጅ ባለአንድ፣ ይኼ ምን ዓይነት አከፋፈል ነው፣ በየትኛው ሕግ። አሻፈረኝ ብላ ነበር እኮ። ዶክተሯ በስልክ አስተርጓሚ ስታስረዳት፣ እኔ ኖሬያለሁ፣ እሷ ገና አልወለደችም፣ አልቀበልም በላት፣ ብላ ነበር፣ አስተርጓሚውም፣ ድምፁ የደህና ሰው ልጅ ነው፣ እናቴ፣ እኔ ማስተርጎም እንጂ መምከር አይፈቀድልኝም፣ ግን እባክዎ ይቀበሉ፣ አለ። እግዜር ይስጠው፣ ስሙን እንኳ አታውቀውም፣ የትኛው ክፍለ ሀገር አሜሪካ ውስጥ ተቀምጦ እንደሚያወራ አታውቅም፣ ግን እሱ ባይኖር ዛሬ እዚህ ካፊያ ውስጥ ቆማ ጣሪያ የለውም ብላ የምታማርር ሴትዮ አትኖርም። ተመስገን። ማማረርም ጤና ነው።

ነገሩን ያመጣችው ጥሩዬ ናት፣ የኤል ሴሪቶዋ ጥሩዬ፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ፣ አፏ ለከት የለውም፣ ሻንጣ ስታስርላት፣ ለመሆኑ አመስግነሻታል ወይ፣ አለቻት፣ ማንን፣ ልጅሽን ነዋ፣ ፀዳለ ሳቀች፣ ልጄን? የገዛ ልጄን? አዎ የገዛ ልጅሽን፣ እነሱ እኮ እዚህ ነው ያደጉት፣ ካልተነገራቸው አያውቁም፣ ጨው ስታቀብልሽ እንኳ ታንክ ዩ ትጠብቃለች፣ ኩላሊት አቀብላሽ ዝም? ሳቋ ከአፏ ላይ ደረቀ። ኩላሊት አቀብላሽ ዝም። እውነትም ዝም። ዓመት ሊደፍን ዝም። እሷ እኮ ማብሰል ማመስገን መስሏት፣ አልጫ ሠርታ፣ ድርቆሽ ጠቅልላ፣ ከሳን ሆዜ በባርት ባቡር ይዛላት ኦክላንድ ድረስ መሄድ ማመስገን መስሏት ነበር። ልጅቷ ደግሞ ከሆስፒታሉ ወዲህ እንደ ድሮዋ አይደለችም፣ ትመጣለች፣ ትደውላለች፣ መድኃኒትሽን ወሰድሽ ትላለች፣ ግን በጨዋ ደንብ ነው፣ እንደ ጥሩ ጎረቤት፣ ድሮ ሶፋው ላይ እግሯን እናቷ ጭን ላይ ጭና ትተኛ የነበረችው አሁን ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ ተጸጽታ ይሆን? አንዳንዴ ፀዳለ ይኼን ታስብና ያቺ ኪሷ ውስጥ ያለችው ነገር የተሰረቀ ዕቃ ትሆንባታለች።

ነገ። ነገ ጠዋት ፀዳለ ብቻዋን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ትበራለች፣ ወንጌል እዚሁ ሎንደን ትቀራለች፣ መሥሪያ ቤቷ ለሁለት ዓመት አዛውሯታል፣ ድሮም ጠርተዋት በእናቷ ምክንያት እምቢ ያለችው ሥራ ነው፣ ፀዳለ ይኼንን በኋላ ነው የሰማችው፣ ስለዚህ ዛሬ ነው፣ እዚሁ ነው፣ ዛሬ ካለፈ በስልክ ልትል ነው፣ ኩላሊት በስልክ ይመሰገናል? ቪዲዮው እየተቆራረጠ፣ ማም አይ ካንት ሂር ዩ፣ ማም ፍሪዝ አድርገሻል፣ አይሆንም፣ ዛሬ ትላታለች፣ አፍ አውጥታ፣ ፊት ለፊት፣ እንደ ሰው።

ግን ምን ብላ። አመሰግናለሁ? እሱ የመድረክ ቃል ነው፣ ማይክራፎን ይፈልጋል፣ ክቡራትና ክቡራን ይፈልጋል፣ ለገዛ ልጅ ሲሉት ልጅቷን እንግዳ ያደርጋታል፣ ታንክ ዩ ለአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ በኋላ በር እየወረዱ የሚወረውሩት፣ እግዜር ይስጥልኝ በር ለያዘልሽ ሰው ነው፣ ውለታሽ አለብኝ ደግሞ እንደ ክስ ይከብዳል፣ ብድርሽን ለመመለስ ያብቃኝ፣ ኧረ ምላሴን ይቁረጠው! የምን ብድር መመለስ፣ ብድሩ ኩላሊት ነው እኮ፣ የሚመለሰው እሷ ስትታመም አይደል እንዴ፣ ስማኝ ጌታዬ፣ አላልኩም፣ አላልኩም፣ ቱ ቱ ቱ፣ እዚያው የእንግሊዝ ድንጋይ ላይ እንትፍ ትላለች፣ ወንጌል ዘወር ትላለች፣ ማም አር ዩ ኦኬ፣ ደህና ነኝ፣ ትንኝ ገብቶብኝ ነው። ለእግዜር እንኳ ቃል አለ፣ ተመስገን፣ አንዲት ቃል፣ በቀን ስንቴ ትላታለች፣ ውኃ ስትጠጣ፣ ደረጃ ስትወጣ፣ ለሰው ሲሆን ግን ጠፋ። የአማርኛ ነገር፣ ስድብ ስትፈልጊ ሞልቶ ተርፎ።

ያ የትኬቱ ሽማግሌ፣ በሩ ላይ ጎጆ በምታክል ቤት ውስጥ ሻዩን ይዞ የተቀመጠው፣ እሱ ቃል አላጠረውም፣ ዜር ዩ ጎ ማይ ላቭ አላት፣ ማይ ላቭ! ፍቅሬ! ፀዳለ ቀልቧ ተገፎ ልጇን አየች፣ ወንጌል ሳቋን ዋጠች፣ እዚህ ለሁሉም ነው የሚሉት ማም፣ ለሁሉም? አዎ፣ ለፖስታ አመላላሹም። ፍቅሬ ብሎ ደግሞ ሽንት ቤቱ እዚህ በሩ ጋ ብቻ ነው፣ ላይ የለም፣ አላት፣ ውኃ መያዣዋን አይቶ ነው መሰል፣ ይኼ ሁሉ ውኃ የት ሊሄድ ነው ብሎ፣ ተባረክ አባቴ። ሰውዬው በፊቱ ላለፈ ሁሉ ፍቅሬን ይዘራል፣ አንቺ ፀዳለ አካሏን ለሰጠችሽ ልጅ አንዲት ቃል ቆጥበሽ ትዞሪያለሽ፣ አታፍሪም?

ደረጃው ጠመዝማዛ ነው፣ ድንጋዩ መሃሉ ጎድጉዷል፣ በሰው እግር ነው የጎደጎደው ይላል ወረቀቱ፣ ወንጌል እያነበበች እየተረጎመችላት፣ አማርኛው ሲያልቅባት በእንግሊዝኛ እየሞላች፣ ከኋላዋ ናት፣ መዳፏ የእናቷ ወገብ ላይ፣ እየገፋቻት አይደለም፣ እንዳትወድቅ ነው፣ አምና እኮ የቤቷን ደረጃ አጋምሳ ትቀመጥ ነበር፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ጎረቤቷ ቬትናማዊቱ አስቤዛዋን እየወሰደችላት፣ አሁን ይኸው የባላባት ግንብ ትወጣለች፣ ጉልበቴ ተባረክ፣ ሳንባዬ ተባረክ፣ አናት ላይ ደረሱ፣ ወለሉ ጠፍቶ ግድግዳው መሃል ላይ አንድ ምድጃ ብቻውን ተንጠልጥሏል፣ ማን ይሆን እዚያ እሳት ይሞቅ የነበረው፣ ወንጌል ታውቃለች፣ ሁሉንም ታውቃለች፣ ድልድዩ በሰንሰለት ይነሳ እንደነበር፣ ቀስቱ በየትኛው ቀዳዳ ይወረወር እንደነበር፣ ከየት ታውቃለች፣ ከኦክላንድ ላይብረሪ ነዋ፣ ያኔ እዚያ ሲኖሩ፣ ፀዳለ የሆቴል አንሶላ ስታጥብ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ወጥታ ላይብረሪ ነበር የምትጠብቃት፣ ያንን የካስል መጽሐፍ ሥዕል በሥዕል የሆነውን እየመለሰች እንደገና ትዋሰዋለች፣ የማቀዝቀዣ ካርቶን ከመንገድ ጎትታ ሳሎን ውስጥ ግንብ ሠርታ፣ ማም ዋን ዴይ ካን ዊ ጎ፣ እንሄዳለን ልጄ። እንዲያው ለአፍ የሚባል ነገር ነው፣ እንሄዳለን፣ እናቶች ይሉታል፣ ይረሱታል። ልጅቷ አልረሳችም፣ ሁለቱም ሲድኑ፣ ምን ትፈልጊያለሽ ሲሏት፣ ካስል አለች፣ ከእናቴ ጋር።

ማም ካም ሂር! ጥግ ላይ ናት፣ ግድግዳው ውስጥ የተፈለፈለች ጠባብ ክፍል፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ብርሃን በስንጥቅ ይገባባታል፣ የድንጋይ መቀመጫ፣ ጸጥታ፣ ፀዳለ ስታያት ልቧ ደነገጠ፣ ይቺ የጸሎት በዓት ናት፣ ስንት አባት ተንበርክኮባታል፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አማተበች፣ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አድርጋ ተሳለመች፣ ቀኙን ሳመች፣ ግራውን ሳመች፣ ወንጌል አፏን ይዛለች፣ ዓይኗ ዕንባ ሞልቷል፣ ምነው ልጄ መንፈስ ነካሽ? ማም፣ ማም፣ ኢትስ ኤ ቶይሌት። ምን? ሽንት ቤት ነው። መቀመጫው ላይ ቀዳዳ አለ፣ በቀዳዳው ታች፣ እታች ድረስ፣ ሣሩ ይታያል፣ ሳማ በቅሎበታል፣ የአገሯ ሳማ፣ ለዘመናት ሲዳብር ኖሮ ለምልሟል። ፀዳለ ከንፈሯን በነጠላዋ ትጠርጋለች፣ ደግማ ትጠርጋለች፣ ስትጠርግ ወንጌል መሬት ቁጭ ብላለች በሳቅ፣ ሆዷን ይዛ፣ ሆዷን ስትይዝ እጇ በዚያ በስፌቱ በኩል ነው፣ ትስቅ፣ ትስቅ እንጂ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲህ ስትስቅ አየቻት፣ የእንግሊዝን ሽንት ቤት ሁሉ ትሳለማለች ካስፈለገ።

ደግሞ ምን ነውር አለው። ለሽንት ቤት የሚሰግድ ቢኖር እሷ ናት፣ ማን ያውቃል ነገሩን እንደሷ፣ በእጥበት ዘመኗ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ያ ወንበር ላይ ተጋድማ ደሟ በቱቦ ወጥቶ በማሽን ታጥቦ ሲመለስ፣ ሽንት የሚባል ነገር ጭራሽ ጠፍቶባት ነበር፣ ሰው ሽንቱ መጣብኝ እያለ ሲሮጥ በቅናት ታየው ነበር፣ ውኃ በጠርሙስ ክዳን፣ የበረዶ ስባሪ መምጠጥ፣ ሐምሌ በሳን ሆዜ ሙቀት ከንፈሯ እየተሰነጠቀ፣ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ስትሰማ ማልቀስ፣ አልቅሳለች፣ ለቧንቧ አልቅሳለች። ከዚያ ያ ቀን፣ ከቀዶ ጥገናው ስትነቃ፣ ከአልጋው ጎን የተንጠለጠለችው ከረጢት፣ ነርሷ ፊሊፒናዊቷ ጎንበስ ብላ አየችና ሺ ኢዝ ፒይንግ! ብላ ጎል እንደገባ ሰው ጮኸች፣ ሌሎቹም ነርሶች በሩ ላይ መጡ፣ አጨበጨቡ፣ የሰው ሽንት ይጨበጨብለታል? ተጨበጨበለት። ፀዳለም ዞራ አየችው፣ ቢጫ፣ ጥርት ያለ፣ የልጇ ሥራ፣ በውስጧ ሆኖ ሥራ የጀመረ፣ ዕንባዋ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤት በገባች ቁጥር ተመስገን ሳትል ወጥታ አታውቅም።

ከዚያስ። ከዚያማ ወንጌል መጣች። እዚህ ላይ ነው የሚያቃጥላት። በማግስቱ፣ በእግሯ፣ ከዚያኛው ክፍል፣ ትራስ ሆዷ ላይ አቅፋ፣ ጎንበስ ብላ፣ የግሉኮስ ብረቱን እየገፋች፣ ፊቷ አመድ፣ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ፣ እናቷን ልታይ፣ በሩ ላይ ቆማ ሃይ ማም አለች፣ ፀዳለ ያን ሁሉ ልትል አስባ፣ ዓለሜ ልትል፣ ነፍሴ ልትል፣ ጉሮሮዋ በቱቦው ቆስሎ፣ ቃል ሁሉ ጥሏት ሄዶ፣ የወጣው ምን ነበር፣ እደጊ፣ አለቻት፣ እደጊ ልጄ፣ ትልቅ ሰው ሁኚ። በቃ። አንድ ብርጭቆ ውኃ ላቀበለ ልጅ የሚባለውን፣ የእጅ ውኃ ላስታጠበ የሚባለውን፣ ለኩላሊት። ልጅቷ ትንሽ ቆመች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ኦኬ አለች፣ ዞራ ሄደች፣ ጎንበስ እንዳለች፣ ብረቱን እየገፋች። ቁስሏ አሟት ይሆናል ብላ ነበር ፀዳለ፣ ያኔ። አሁን ነው፣ ከጥሩዬ ወዲህ፣ አነሰባት፣ አነሰባት ማለት ነው የምትለው፣ ቢያንስባት ይፈረድባታል?

ካፊያው ዝናብ ሆነ። ሩጪ ማም፣ አትሩጪ ማለቴ፣ ቀስ፣ ወርደው ወደ አዳራሹ፣ መጠለያ የለም፣ ጣሪያ የለውማ፣ አንድ ትልቁ ምድጃ ብቻ፣ ግንባሩ ላይ የድንጋይ ቆብ ያለው፣ በሬ ሙሉ ይጠበስበት የነበረ ይመስላል፣ ሁለቱም እዚያ ምድጃ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ነጭ ጫማዋ ጭቃ ሆኗል፣ ይሁን፣ ዝናቡ ከፊታቸው መጋረጃ ሠራ፣ ሰው የለም፣ በጎቹ እንኳ የሉም፣ አሁን ነው ፀዳለ፣ አሁን በይ፣ ወንጌልዬ፣ አለች፣ አንድ ነገር ልልሽ ፈልጌ ነበር። እኔም፣ አለች ወንጌል። እኔም ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር፣ ነገ ከመሄድሽ በፊት። አንቺ ቅደሚ። ኖ፣ አንቺ። ኧረ አንቺ ቅደሚ፣ ፈሪ፣ ፈሪ ነሽ ፀዳለ፣ ልጅ አስቀድመሽ ትደበቂያለሽ።

ሳትቆጪ፣ አለች ወንጌል፣ ዝናቡን እያየች፣ እናቷን አይደለም፣ ከዚያ እንግሊዝኛው መጣ፣ ስሜት ያለበት ነገር ሲሆን ሁልጊዜ እንግሊዝኛው ነው የሚመጣው፣ ፀዳለም ሁሉንም ባትይዝ ዋናውን ትይዛለች፣ ያን ቀን፣ ሆስፒታል፣ ልጠይቅሽ ስመጣ፣ ለምንድን ነው እንደዚያ ያልሽኝ? ምን አልኩሽ? ዩ ኖው ዋት ዩ ሴይድ። ምን አልኩሽ ልጄ? ግሮው አፕ። ግሮው አፕ አልሽኝ።

ምን? ግሮው አፕ። እኔ? ግሮው አፕ ነው አዲስ የተከራየ ጎረቤት ሙዚቃ ሲያስጮህ የሚባለው፣ ልጅ አትሁን የሚባለው፣ ስድብ ነው እኮ፣ መቼ አልኩ፣ በማደንዘዣ ቀባጠርኩ? ማርያምን አላልኩም! ብለሻል፣ አለች ወንጌል፣ ሁሌም ትይኛለሽ፣ ሆል ላይፍ፣ በአማርኛ፣ እና ወንጌል አፏን አስተካክላ፣ በዚያ በጎላደፈ፣ የእናቷን ደም በሚያሞቅ አማርኛ፣ እደጊ፣ አለች። እደጊ። ትልቅ ሰው ሁኚ። ቢ ኤ ግሮውን አፕ።

ፀዳለ ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ቁምሳጥን ተገለበጠ። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ውኃ በሁለት እጇ ይዛ ከኩሽና ትመጣለች፣ ሳይፈስባት፣ ምላሷን አውጥታ፣ እደጊ፣ አስር ዓመቷ ነው፣ አንሶላ ማጠብ ያሳበጠውን የእናቷን እግር ታሻለች፣ እደጊ ልጄ፣ ለቤት አከራዩ ታስተረጉማለች፣ ትልቅ ሰው ሁኚ፣ ሰርተፊኬቷን ይዛ ትመጣለች፣ እደጊ፣ ከኦክላንድ እየተመላለሰች የእጥበት ወንበሯ ሥር ትቀመጣለች፣ እደጊ፣ እና ልጅቷ፣ ወይኔ ልጄ፣ ልጅቷ ያን ሁሉ ዓመት እንደ ስድብ ስትቀበለው። ገና ነሽ፣ አልበቃሽም፣ ልጅ ነሽ። ወንጌል ትናገራለች፣ ድምጿ ቀጥኗል፣ ክፍሌ ተመልሼ አለቀስኩ ማም፣ ኩላሊቴን ሰጠኋት ብዬ፣ አሁንም እደጊ አለችኝ፣ ሌላ ምን ላድርግ፣ ዋት ኤልስ ዱ አይ ሃቭ ቱ ዱ።

ፀዳለ ሳቀች። መሳቅ አልፈለገችም፣ አይሳቅም፣ እንዴት ይሳቃል፣ ግን መጣ፣ ከሆዷ፣ ከልጇ ኩላሊት አጠገብ፣ ሳቀች፣ ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች፣ ወንጌል ደነገጠች፣ ማም፣ ሶሪ፣ አይ ዲድንት ሚን፣ ኖ ኖ ኖ፣ ልጄ ስሚኝ፣ ሊስን፣ አማርኛውን ትታ እንግሊዝኛዋን ከየኪሷ ትለቅማለች፣ የሆቴሉን፣ የሆስፒታሉን፣ የአውቶቡሱን፣ እደጊ ኖት ባድ፣ እደጊ ኢዝ ታንክ ዩ! ሞር! ታንክ ዩ ትንሽ ናት፣ ስሞል፣ እደጊ ማለት፣ ዩ ሊቭ፣ ሎንግ፣ ዩ ጌት ቢግ፣ ኖት ፋት፣ ቢግ! ክፉ አይይሽ፣ ከሁሉ በላይ ሁኚ፣ ልጅ ደግ ሲሠራ ነው የሚባለው፣ ለሌላ አይባልም፣ ለማንም አይባልም፣ ለተወደደ ልጅ ነው፣ ብሌሲንግ ነው ልጄ፣ ምርቃት ነው፣ እኔ እኮ ይኼን ሁሉ ዓመት ስመርቅሽ ነው የኖርኩት።

ወንጌል አትንቀሳቀስም። ዝናቡ ጉንጯ ላይ ይረጫል፣ አትጠርገውም፣ ዌይት፣ ትላለች። ውኃውን ሳመጣልሽ? ምርቃት ነው። እግርሽን ሳሽሽ? ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስልኩ ላይ? እሱማ ጎረቤቱ እስኪሰማ የመረቅኩሽ ነው። ሆስፒታል? ፀዳለ ራሷን ነቀነቀች፣ ሆስፒታልማ፣ ሆስፒታልማ ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው ልጄ፣ ከዚያ የሚበልጥ አላውቅም ነበር፣ እስከ ዛሬም ስፈልግ ነበር፣ እዚህ ድንጋይ ላይ ስፈልግ ነው የዋልኩት፣ የለም፣ ይኼው ነው ያለኝ። ወንጌል አንገቷን ደፋች፣ እግሮቿን አነሳች፣ ምድጃው ጠቧታል፣ ቢሆንም አነሳቻቸው፣ ጭቃቸውን እንደያዙ የእናቷ ጭን ላይ ጫነቻቸው። ሴይ ኢት፣ አለች። በደንብ በይልኝ፣ አሁን እሰማሻለሁ።

ፀዳለም እጇን ዘረጋች፣ መዳፏን ወደ ላይ፣ የገዛ እናቷ ስትመርቃት እንደምታደርገው፣ አፏ ተፈታ፣ እደጊ፣ አለች፣ እደጊልኝ፣ ተመንደጊ፣ አሜን በይ በየመሃሉ፣ አሜን፣ እንደ እህል ብዢ፣ አሜን፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፣ ሎንደን ይቅናሽ፣ ሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ፣ አሜን፣ ገና ነው አልጨረስኩም፣ ሶሪ፣ ያቺን አንዲቷን ይጠብቅልሽ፣ ብረት ያድርጋት፣ አሜን አሜን፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ማም! አሜን በይ ብቻ፣ ኦኬ አሜን፣ የሰጠሽኝን ቀን ዕድሜ አድርጎ ለራስሽ ይመልስልሽ፣ አሜን፣ ከእኔ ቀንሶ ለአንቺ፣ ኖ፣ እሱን አሜን አልልም። እሺ። እሺ ተይው። ዝናቡም እየቀነሰ ነው፣ ፀዳለ የምርቃት ዕቃዋ ተሟጦ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ በዕድሜዬ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም ትላለች በሆዷ፣ ወንጌል አፍንጫዋን በሹራቧ እጅጌ ትጠርጋለች፣ ቀና ትላለች፣ አማርኛዋን ከያለበት ትሰበስባለች፣ በጥንቃቄ፣ እማዬ፣ ትላለች፣ ስለ እግሩ፣ ስለ ላይብረሪው፣ ስለ ሁሉም፣ አንቺም እደጊ። ኧረ! ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም፣ ለእናት ዕድሜ ይስጥሽ ነው፣ እደጊ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ልታርማት አፏን ትከፍታለች፣ ስድሳን ያለፈች ሴት የት ነው የምታድገው፣ ደግሞስ ለምን አላድግም፣ ማን ከለከለኝ፣ ልጄ እንዳለችው ይሁንልኝ፣ ሁለት መዳፏን አንድ ላይ ታደርግና፣ አሜን፣ ትላለች ፀዳለ፣ አሜን፣ አሜን ልጄ፣ አድጋለሁ።